ሞተሩ ይጮሃል፣ ጀልባዋ ግን ትቆማለች

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ ከአራት ኪሎ ነው የመጣው። ትንሽ አሳጥሬዋለሁ።

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አራት ኪሎ ነው፣ የምሠራው ለገሃር። ባለፈው ዓመት እኔና የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ግማሽ ግማሽ አዋጥተን ባለ ሸራ ጀልባ ገዛን። ወደ አገሩ የሚመለስ ፈረንጅ ነው የሸጠልን። ርዝመቷ 6 ሜትር ነው፤ ፋይበር ናት። ባዶዋን 650 ኪሎ ትመዝናለች ተብለናል። የምናስቀምጣት ላንጋኖ ነው። አብሯት አንድ አሮጌ ባለ 4 ፈረስ ሞተር መጣ። ጠዋት ሐይቁ ጸጥ ሲል፣ ሁለት ሆነን ስንወጣ፣ ሸጋ አድርጎ ይነዳታል። ስልኬ በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ይላል። ባለፈው ግን አራት ሆነን ወጥተን ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሣ። አማቼ ሸራውን ለማውረድ ወደ ፊት ወጣ። ከዚያ በኋላ ሞተሩ ይጮሃል፣ ጀልባዋ ግን ትቆማለች። ነፋሱ ወደ ድንጋዮቹ ሲገፋን የሎጅ ጀልባ ደርሳ ጎትታ አወጣችን። አሁን አማቼ “15 ፈረስ ካልተገዛ ልጆቼን አላሳፍርም” ብሎ ቁርጡን ነግሮኛል። ያገለገለ ያማሃም አግኝቷል። ለእኔ 15 የበዛ ይመስለኛል፤ ማስረጃ ግን የለኝም። ታላቄ ስለሆነም መከራከሩ ይከብደኛል። ስንት ፈረስ ይበቃናል? ፕሮፔለሩስ ምን ዓይነት ይሁን? አንድ ጓደኛችን ደግሞ በባትሪ የሚሠራ ግዙ ይላል። አሮጌውንስ ምን እናድርገው?»

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ እንኳን ተረፋችሁ። ላንጋኖ ላይ ከሰዓት በኋላ የሚነሣው ነፋስ ቀልድ አያውቅም።

መልሱን አላንዛዛብህም። 15 አያስፈልጋችሁም፤ 6 ይበቃል። ግን ይህን ብቻ ይዘህ ወደ ደላላ እንዳትሮጥ። እንደ አሮጌው አጭር እግር ያለው ባለ 6 ብትገዙ እሱም ይጮሃል፣ ጀልባዋም ትቆማለች። አጭር እግር ያለው 15 ብትገዙ ደግሞ ልዩነቱ ጩኸቱ ላይ ብቻ ነው።

ይህን የምልህ ሐይቁን ስለማውቀው ብቻ አይደለም። ምልክቱን ራስህ ጽፈህልኛል። ጉልበት ያነሰው ሞተር አይጮህም፤ ያቃስታል። ጭነት ሲበዛበት ዙሩ ይወርዳል፣ ድምፁ ይወፍራል፣ ጋዝ ብትጨምርለትም አይሰማም። የሚጮህ ሞተር ሌላ ነገር ነው። ፕሮፔለሩ የሚገፋው ውሃ አጥቷል፣ አየር እየመታ ነው። ጭነቱ ድንገት ስለቀለለት ዙሩ ሽቅብ ይወጣል። አንተ ጉልበት የጠፋ ይመስልሃል። ጉልበቱማ አለ፤ ውሃው ጋ አልደረሰም እንጂ።

መቼ እንደጮኸ ደግሞ አስተውል። አማችህ ወደ ፊት ሲወጣ ነው። በ6 ሜትር ጀልባ ላይ አንድ ሙሉ ሰው አፍንጫዋ ላይ ሲቆም ፊቷ ይዘቅጣል፣ ኋላዋ ይነሣል። ሞተሩ የተንጠለጠለው ኋላ ላይ ነው። በዚያ ላይ ማዕበል አለ። ማዕበሉ በሥሯ ባለፈ ቁጥር ኋላዋ አንድ ጊዜ ይነሣል፣ አንድ ጊዜ ይወርዳል። ፕሮፔለሩ ሙሉ በሙሉ ከውሃ መውጣት አይጠበቅበትም። ወደ ላይኛው ገጽ ከቀረበ ብቻ ከላይ አየር ይስባል። አየር ከሳበ ደግሞ መግፋት ያቆማል። ጋዙን ቀንሰህ ውሃ መልሶ እንዲይዝ ካላደረግከው በስተቀር መጮሁን ይቀጥላል። በጭንቅ ሰዓት ግን ሰው የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው፤ ጋዝ ይጨምራል።

ስለዚህ ከፈረስ ጉልበቱ በፊት የእግሩን ርዝመት እንይ። ከኋላ የሚንጠለጠሉ ሞተሮች እግር በሦስት ልክ ይሠራል። አጭሩ 38 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ረጅሙ 51 ነው። ከዚያም በላይ የረዘመው ወደ 63 ይደርሳል። አጭሩ ኋላቸው ዝቅ ላለ ትንንሽ መቅዘፊያ ጀልባዎች የተሠራ ነው። ባለ ሸራ ጀልባ ግን ኋላዋ ከፍ ያለ ነው። ከእናንተ ጋር የመጣው ሞተር አጭሩ እንደሆነ ብወራረድ የምሸነፍ አይመስለኝም። አሮጌ ባለ 4 ፈረሶች ብዙዎቹ እንደዚያ ናቸው።

ለማንኛውም ለካ። ላንጋኖ ስትወርዱ የልብስ ሰፊ ሜትር ሳይሆን የአናጢ ሜትር ያዝ። አራታችሁም ተሳፈሩ፤ ቤንዚኑም ዕቃውም ይጫን። ከዚያ ሞተሩ ከሚንጠለጠልበት መስቀያ አናት ቀጥታ ወደ ታች እስከ ውሃው ድረስ ለካ። ሞተሩ ላይ፣ ከፕሮፔለሩ በላይ፣ ወደ ኋላ የወጣ ጠፍጣፋ ሳህን ታያለህ። አየር ከላይ እንዳይገባ የሚከላከለው እሱ ነው። ጀልባዋ ቆማ ሳለች ያ ሳህን ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ውሃ ውስጥ መሆን አለበት። በእናንተ ሐይቅ ማለቴ ነው፤ በተኛ ውሃ ከዚያ ያነሰም ይበቃል። እንግዲህ ከመስቀያው እስከ ውሃው 35 ወይም ከዚያ በታች ካገኘህ ባለ 51 እግር ይበቃችኋል። ከ35 ካለፈ ባለ 63 ፈልጉ። አጭሩን እግር በ30 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ብትሰቅለው ሳህኑ ውሃ ውስጥ የሚገባው 8 ሴንቲ ብቻ ነው። አማችህ አንዴ ወደ ፊት ሲራመድ ያ 8 ሴንቲ የት ይገባል?

ከፍና ዝቅ የሚል መስቀያ ካላችሁ እስከ ታች አውርዱት። ከሌላችሁ መግዛቱ አይጎዳም፤ የሚችለውን ክብደት ግን ጠይቁ።

አሁን ወደ ፈረሱ እንምጣ። ጀልባዋ ባዶዋን 650 ኪሎ ናት ብለሃል። አራት ሰው 280 እንበል። ሞተር፣ ቤንዚን፣ መልህቅ፣ የሕይወት ጃኬት፣ የምሳ ሣጥን (ከአዲስ አበባ የሚወርድ ሰው ምግብ እንደማይቀንስ የታወቀ ነው) 70 ኪሎ እንበልና አንድ ቶን ሞላን። ለባለ ሸራ ጀልባ ሰዎች የሚጠቀሙበት ልማዳዊ ስሌት በአንድ ቶን 4 ፈረስ ገደማ ነው። ውሃው ሲተኛ ግማሹም ይነዳታል። ቀሪው ለነፋስና ለማዕበል መጠባበቂያ ነው። ይህን መጠባበቂያ አትናቀው። የነፋስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናልና። ሸራ ቢወርድም ምሰሶው፣ ገመዱ፣ የጀልባዋ ጎንና እናንተው ራሳችሁ ነፋስ ትይዛላችሁ።

ቀጥሎ ከፍታው አለ። ይህን ነገር ውጭ አገር የተጻፈ መመሪያ ላይ ብዙም አታገኘውም፤ እዚያ ብዙው ሰው የሚነዳው በባሕር ወለል ላይ ነው። ቤንዚን ሞተር በየ300 ሜትሩ ከፍታ ወደ 3 በመቶ ጉልበት ያጣል። አየሩ ስለሚሳሳ የሚያቃጥለው ኦክስጂን ያንሰዋል። ላንጋኖ ወደ 1,600 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ስለዚህ 16 በመቶ ገደማ ጠፋ ማለት ነው። ባለ 4 ፈረሳችሁ እዚያ የሚሰጣችሁ 3.4 ገደማ ነው፤ ያውም አዲስ ቢሆን። 4 ፈረስ በእጃችሁ እንዲገባ ከፈለጋችሁ 5 የሚል የተጻፈበትን መግዛት አለባችሁ ማለት ነው። ለፍትሕ ያህል ግን፣ የሳሳው አየር ነፋሱንም ያቀለዋል። በተመሳሳይ ፍጥነት የሚነፍስ ነፋስ ላንጋኖ ላይ የሚገፋችሁ ከባሕር ወለሉ ያነሰ ነው። ይህ የሚያጽናና ከሆነ።

ከ5 ወደ 6 ለምን ወጣሁ? ዋጋ እንጂ ክብደት ስለማይጨምር። ለምሳሌ የቶሃትሱ ባለ 4፣ 5 እና 6 ፈረስ ፎር ስትሮኮች ሦስቱም ያው 123 ሲሲ ሞተር ናቸው። ክብደታቸውም አንድ ነው፤ 26 ኪሎ ገደማ። ያው ኪሎ ከተሸከማችሁ 6ቱን ተሸከሙ። ይኸው ኩባንያ «ሴይል ፕሮ» የሚለው ባለ 6 ፈረስ አለው። ለባለ ሸራ ጀልባ ታስቦ የተሠራ ነው፤ ረጅም እግርና ለመግፋት የተዘጋጀ ፕሮፔለር ይዞ ይመጣል፤ ባትሪም ይሞላል። ሌሎች ኩባንያዎችም ለባለ ሸራ ጀልባ የሚሆን ያወጣሉ። ስሙን ሳይሆን ረጅም እግርና ትንሽ ፒች (ፒች ምን እንደሆነ ወደ ታች እነግርሃለሁ) ብለህ ፈልግ።

እሺ፣ 15 ቢሆንስ ምን ይጎዳል? አማችህ የሚጠይቅህ ይህን ነው።

የእናንተ ዓይነት ጀልባ ውሃውን እየሰነጠቀች ነው የምትሄደው፤ በላዩ አትንሸራተትም። ስትሄድ የራሷን ማዕበል ትሠራለች። ፍጥነቷ ሲጨምር ማዕበሉ እየረዘመ ይሄድና ከጀልባዋ ርዝመት ጋር እኩል ይሆናል። ከዚያ በኋላ ኋላዋ በራሷ ማዕበል ጉድጓድ ውስጥ ይሰምጣል፣ ፊቷ ሽቅብ ያያል። ያ ወሰን ይሰላል። ውሃው የሚነካውን ርዝመት በሜትር ወስደህ ካሬ ሩቱን አውጣ፤ በ4.5 አባዛው። የእናንተዋ ከ6 ሜትር ውሃ የሚነካው 5.5 ያህል ቢሆን መልሱ በሰዓት 10.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጠዋት ላይ ያ አሮጌ ሞተር 8 አስነድቷችኋል። ጣሪያው 10.5 ነው። እንግዲህ 15 ፈረስ ገዝታችሁ የምታገኙት እነዚያን ሁለት ኪሎ ሜትሮች ነው። እሱንም 6ቱ ከሞላ ጎደል ይሰጣችኋል። ከ8 ወደ 10 ለመውጣት የሚጠይቀው ጉልበት እጥፍ ገደማ ነው። ከ10 በላይ ግን 15ም 20ም ብታስሩባት ቤንዚን እየጠጣ ማዕበል ይሠራላችኋል እንጂ አያስኬዳችሁም።

ክብደቱም አለ። ፎር ስትሮክ 15 ፈረስ ወደ 50 ኪሎ ይጠጋል። ያን ኋላዋ ላይ ስትሰቅል አንድ ሰው ሁልጊዜ እዚያ እንደተቀመጠ ነው። ኋላዋ ይዘቅጣል፣ በሸራ ስትሄዱም ውሃ ትጎትታለች። ያገኘው ያማሃ ቱ ስትሮክ ከሆነ ክብደቱ ትንሽ ይቀላል። ግን ዘይት የተቀላቀለበት ቤንዚን ይጠጣል፤ ቀኑን ሙሉ በሩብ ጋዝ ሲነዳ ካንዴላው በጥላሸት ይደፈናል። የተሠራው ሲነዱት ለሚሮጥ ቀላል ጀልባ ነው። አንድ ነገር ላይ ግን አማችህ እውነት አለው። ለ15 ፈረስ ያማሃ መለዋወጫም የሚያውቀው መካኒክም ማግኘት ይቀላል፤ በየሐይቁ ስለሚሠራበት። ለባለ 6 ግን ከመግዛታችሁ በፊት መለዋወጫውን ማን እንደሚያስመጣ አጣሩ። ተክለ ሃይማኖት ወርዶ ሶማሌ ተራ ውስጥ ለማንኛውም መኪና ዕቃ ማግኘት ይቻላል፤ የጀልባ ሞተር የውሃ ፓምፕ ጎማ ግን እዚያ አትጠብቅ። ሞተሩ ሲመጣ ሁለት ትርፍ ጎማ፣ ካንዴላና የፕሮፔለር ፒን አብሮ ይምጣ።

አሁን ወደምወደው ክፍል ደረስን፤ ፕሮፔለሩ።

ፕሮፔለር ላይ ሁለት ቁጥር ተቀርጾ ታገኛለህ፤ በኢንች ነው። ለምሳሌ 8 በ6። የመጀመሪያው ዲያሜትሩ ነው፤ ክንፎቹ ሲዞሩ የሚሠሩት ክብ ስፋት። ሁለተኛው ፒች ይባላል። ፕሮፔለሩ አንድ ጊዜ ሲዞር፣ ምንም ሳያንሸራትተው ቢሆን ኖሮ፣ ወደ ፊት የሚሄደው ርቀት ነው። ከለገሃር ወደ ማዘጋጃ ቤት ቸርችልን ሽቅብ የሚወጣ ሞልቶ የተጫነ ሚኒባስ በአራተኛ ማርሽ ቢሞክረው ምን እንደሚሆን ታውቃለህ። ትልቅ ፒች አራተኛ ማርሽ ነው፤ ትንሽ ፒች ሁለተኛ። አንድ ቶን የምትመዝን ባለ ሸራ ጀልባ ነፋስ ፊት ለፊት ሲመጣባት ዕድሜ ልኳን ቸርችል ላይ ናት።

በቁጥር እንየው። ሞተሩ በደቂቃ 5,000 ዙር ይዞራል እንበል። ታች ያለው ጊር ያን በግማሽ ገደማ ይቀንሰዋል፤ ፕሮፔለሩ ጋ 2,500 ዙር ይደርሳል። ፒቹ 8 ኢንች፣ ማለትም 20 ሴንቲ ሜትር፣ ከሆነ በደቂቃ 500 ሜትር ልሂድ ይላል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። ጀልባዋ ግን 10 ብቻ ናት። ሁለት ሦስተኛው መንሸራተት ሆነ ማለት ነው። ፒቹን ወደ 6 ኢንች ብታወርደው ልሂድ የሚለው 22 አካባቢ ይሆናል። አሁንም ከግማሽ በላይ ይንሸራተታል፤ ለከባድ ጀልባ ግን ግማሽ ገደማ መንሸራተት ያለ ነው። 5 ቢገኝ ይበልጥ ይቀርባል። ብዙ ሞተር ከፋብሪካ ሲወጣ የሚታሰርለት ፕሮፔለር ግን ለቀላል፣ ለሯጭ ጀልባ የተመረጠ ነው። ለእናንተ ይበዛል።

ዲያሜትሩ ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ከቤቱ እስከገጠመ ድረስ ትልቁን ውሰድ። ብዙ ውሃ ቀስ አድርጎ የሚገፋ ፕሮፔለር፣ ጥቂት ውሃ በኃይል ከሚወረውር ይሻላል። ገደቡ ከላይ ያለው ሳህን ነው፤ ክንፉ ከእሱ ጋር መነካካት የለበትም። ክንፉ ሰፋ ያለ ቢሆን ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው። ወደ ኋላ ማርሽ ስታስገባ ጀልባዋን ይይዛታል። አንድ ቶን ወደ ጀልባ ማቆሚያው እየቀረበ ሲመጣ የምታቆመው በዚያ ነው፤ ፍሬን የላትም። ለትንሽ ሞተር አሉሚኒየም ፕሮፔለር በቂ ነው። የማይዝግ ብረት ካልሆነ ብላችሁ ብር አትጨምሩ። ድንጋይ ሲነካ አሉሚኒየሙ ይጣመማል፤ ጠንካራው ብረት ግን ምቱን ወደ ጊሩ ያሳልፈዋል።

ትክክለኛውን ፒች ማግኘታችሁን በግምት አትወስኑ፤ የሚነግራችሁ የዙር ቁጥር ነው። ርካሽ ዲጂታል የዙር መቁጠሪያ አለ። ሽቦውን የካንዴላው ገመድ ላይ ትጠመጥመዋለህ፣ በቃ ይቆጥራል። የሞተሩ መመሪያ ሙሉ ጋዝ ላይ ከዚህ እስከዚህ ዙር ይላል። አራታችሁም ተሳፍራችሁ፣ ዕቃችሁን ጭናችሁ፣ በተኛ ውሃ ላይ ሙሉ ጋዝ ስጡት። ቁጥሩ ከታችኛው ወሰን በታች ከቀረ ፒቹ በዝቷል፣ ሞተሩ እየታነቀ ነው። በአንድ ኢንች ዝቅ ያለ ቀይሩ፤ በአንድ ኢንች ወደ 200 ዙር ይጨምራል፣ በትንሽ ሞተር ላይ ከዚያም ሊበልጥ ይችላል። ከላይኛው ወሰን ካለፈ ደግሞ ፒቹ አንሷል፤ ሙሉ ጋዝ እየሰጣችሁ ብዙ ከነዳችሁ ሞተሩን ትጎዱታላችሁ። እኔ ብሆን ወደ ላይኛው ወሰን የሚጠጋውን እመርጣለሁ። ነፋስ ፊት ለፊት ሲመጣ ዙሩ መውረዱ ስለማይቀር።

ይህን ፈተና አዲስ አበባ ውስጥ ለማድረግ አትሞክር። ብዙ ሰው ሞተር ሲገዛ ግቢው ውስጥ በርሜል ውሃ ሞልቶ ያስነሣዋል። ያ ጥሩ ነው። ይነሣል ወይ፣ ከጎኑ የምትወጣዋ ቀጭን የማቀዝቀዣ ውሃ ትወርዳለች ወይ፣ ያን ታያለህ። ፕሮፔለሩን ግን ፈትተህ አውጣው፤ አለዚያ በርሜሉን ጎረቤት ላይ ይደፋዋል። ስለ ጉልበቱ ግን በርሜሉ አንድም ነገር አይነግርህም። ይልቅ ጋራዥ ወስደህ ካርቡሬተሩን «እንዳስተካክለው» የሚልህ ካለ ተጠንቀቅ። አዲስ አበባ ከላንጋኖ 750 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች። እዚህ አየሩ ሳስቶ ስለሚያጨስ ቤንዚኑን ይቀንስልሃል፤ እዚህ አሪፍ ይሠራል። ሐይቁ ላይ ስትወርድ አየሩ ይወፍራል፣ ቤንዚኑ ያንሰዋል፣ ሞተሩም ይግላል። ማስተካከል ካለበት ጆሮው የሠለጠነ መካኒክ ይዘህ ወርደህ እዚያው ውሃው ዳር አሠራው። የመካኒኩን ምሳ ቻለው፤ ዓሣ ይበላል።

ስለ ባትሪው ባጭሩ። ጓደኛችሁ ሞኝ አይደለም። በባትሪ የሚሠራ ሞተር በከፍታ አይደክምም፣ ቤንዚን በጀሪካን ፍለጋም ያስቀራል። ችግሩ ስንቅ ነው። ከታወቁት አንዱን፣ ቶርኪዶ ትራቭል 1103ን ብንወስድ፣ 1,100 ዋት የሚበላ ሞተር ላይ 915 ዋት ሰዓት ባትሪ ነው ያለው። ሙሉ ጋዝ ከሰጠኸው 50 ደቂቃ ነው። ቀስ ብትል ሰዓታት ይሄዳል። ያ ለቢሾፍቱ ባቦጋያ ሸጋ ነው፤ ትንሽ ሐይቅ ነው፣ ዳሩ ሁሌም ቅርብ ነው። ከላንጋኖ ነፋስ ጋር ግን ቀስ ማለት የለም። ለእናንተ አልመክርም። ናፍጣ በ6 ሜትር ጀልባ ላይ አታንሡት።

ስለ ላንጋኖ ውሃ አንድ ነገር ልጨምር። ያ ቡናማ መልኩ በውስጡ ከተንሳፈፈ ደለል ነው። ሶዳም አለበት። ደለሉ የፓምፑን ጎማ ይበላል፣ ሶዳው አሉሚኒየሙን። ከሐይቅ በወጣችሁ ቁጥር ሞተሩን በንጹሕ ውሃ አጥቡት፣ ውስጡንም ጭምር። በሸራ ስትሄዱ ደግሞ ሞተሩን ከውሃ አውጥታችሁ አጋድሙት፤ ፕሮፔለሩ ውሃ ውስጥ ሲጎተት ፍጥነት ይበላል። አንድ ቀን ሐዋሳ ወይም ጣና ብትወስዷት ቢላዋ አትርሱ። ሐዋሳ ላይ የዓሣ መረብ፣ ጣና ላይ እንቦጭ ፕሮፔለሩ ላይ ይጠመጠማል።

አሁን አማችህ። ታላቅህ ነው፣ ደንግጧል፣ ልጆቹን አስቦ ነው የሚናገረው። «15 በዝቷል» ብለህ አትጀምርለት። ያኔ ገንዘብ የሰሰትክ ትመስላለህ። «ወንድም ጋሼ፣ ያን ቀን ሞተሩ ጮኸ ወይስ አቃሰተ?» ብለህ ጠይቀው። እሱም ሰምቶታል፣ ጮኸ ነው የሚልህ። ከዚያ ሜትሩን ስጠውና መስቀያውን ራሱ ይለካው። ቁጥሩን እሱ ካነበበው ክርክሩ ከአንተ ጋር መሆኑ ይቀራል። ሳህኑ ውሃ ውስጥ ምን ያህል እንደገባም አሳየው። ከዚያ አንተ ወደ ፊት ሂድና ቁም፤ እሱ ኋላ ሆኖ ሳህኑን ይመልከት። ያን ጊዜ ያማሃው ባለቤት ዘንድ ደውሎ ራሱ ቀጠሮውን ቢሰርዝ አይገርመኝም። የሚተርፋችሁን ብር ለልጆቹ ልካቸው የሆነ የሕይወት ጃኬት ግዙበት። የትልቅ ሰው ጃኬት ልጅ ላይ ወደ ላይ ይሾልካል። አዲሱ ሞተር እስኪመጣ ደግሞ ከሰዓት በፊት ግቡ። ሸራ የሚያወርድ ሰው ወደ ፊት ከመውጣቱ በፊት ጋዝ ቀንሱ፤ ሌሎቻችሁ ወደ ኋላ ተጠጉ።

አሮጌውን ባለ 4 አትጣሉት። ጠዋት ላይ 8 ኪሎ ሜትር ያስነዳ ሞተር ጤነኛ ነው። ኋላዋ ዝቅ ያለ ትንሽ መቅዘፊያ ጀልባ ላለው ሰው፣ በተለይ ለቢሾፍቱ ሐይቆች፣ ጥሩ ዕቃ ነው። ስትሸጠው አጭር እግር መሆኑን ንገረው። እስኪሸጥ ድረስ ካርቡሬተሩ ውስጥ የቀረውን ቤንዚን አፍስሰህ አውጣው፣ የጊር ዘይቱንም ፈትሽ። ዘይቱ ነጭ ሆኖ ከወጣ ውሃ ገብቶበታል፤ ዘይት መከላከያ ጎማውን ሳትቀይር ለገዢ አታሳይ።